ሐጂ አሊዪ የጣሏት አንዲት ቃል

ሰው አባቱን በወተት ሊገድል ይችላል ያለኝ ቢኖር ኖሮ ከሱቄ አባርረው ነበር። ቁጡ ነኝ፤ ሮቤ ገበያ ውስጥ ከእኔ ከሙሉካ ጨርቅ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ዘንድሮ ግን የምቆጣው ሰው ፈልጌ አጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የማመሰግነው በዛብኝ።

አባቴ ሐጂ አሊዪ ይባላሉ፤ እኛ ልጆቻቸው አቦ እንላቸዋለን። ለአገሩ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ስል የዕድሜውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከዲንሾ እስከ ጎባ ሰዎች በድንበር፣ በከብት ወይም በጋብቻ ከተጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። አቦ ሲያስታርቁ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚባል ነገር የለም። አንደኛው ወገን ያለውን ሁሉ ይናገራል፣ ሌላኛውም ይናገራል፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ አቦ በትራቸውን ከፊታቸው መሬት ላይ ያጋድሙና የሁለቱንም ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሰው ይናገሩታል። «አንተ እንዲህ አልክ፤ አንተ ደግሞ እንዲህ ብለህ መለስክ» እያሉ፣ ስድቡን ከነስድቡ፣ መሐላውን ከነመሐላው። ሲጨርሱ ዙሪያውን አይተው «የጎደለ አለ?» ይላሉ።

ሰው የገዛ ክፉ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ፣ ያለ ቁጣ ሲሰማው ያፍራል። ግማሹ እርቅ የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ «የጎደለ አለ?» ብለው ጠይቀው «አዎ፣ ጎድሏል» ያላቸው ሰው አልነበረም።

የጎደለው በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ ሁለት ወንድማማቾች በገብስ ማሳ ድንበር ተጣልተው አቦ ተጠሩ። ጎረቤታችን ጋሽ ብዙነህም እንደ ልማዳቸው አብረዋቸው ሄዱ። ጋሽ ብዙነህ ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አባታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ከአቦ ጋር ሲነታረኩ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። የዚያን ቀን የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አቦ በትራቸውን አጋደሙ፣ መናገር ጀመሩ፣ መሐል ላይ የታላቅየውን ቃል ለታናሽየው ሰጡት። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አቦ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ያው ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ በሕይወታቸው ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ። «ምን ነበር ያልከው፣ ልጄ?»

ከጎናቸው የነበረ ሌላ ሽማግሌ በትሕትና ተቀብሎ ጨረሰው። አቦ ቤት ገብተው በትራቸውን ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀሉትና «ከእንግዲህ ለሚጠራኝ የለም በሉ» አሉ።  በትሩ እዚያው ሚስማር ላይ አቧራ ለበሰ።

እርጅና ነው አልን። ሁሉም ሰው እርጅና ነው አለን። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ምን ይደረጋል፣ የአላህ ሥራ ነው።

ግን ዝም ብለን አልተቀመጥንም። እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። በኛ አገር አንድን አዛውንት እንደምትወድ የምታሳየው በወተት ነው። ወተት ደግሞ አይመለስም። ወተት ይዞ የመጣ እጅ ባዶውን እንዲመለስ ከማድረግ በር መዝጋት ይሻላል። አቦ በዚህ አንደኛ ናቸው፤ ጠግበውም ቢሆን ተቀብለው «ቢስሚላህ» ብለው ይጨልጡታል።

ታናሽ እህቴ ዙሀይራ ዲንሾ ነው ያገባችው፤ ላሞች አሏት። በየቀኑ ጠዋት ባለሦስት ሊትር ጄሪካን ሞልታ በሚኒባስ ትልክ ነበር። እኔ የእሷን ወተት አላመንኩም። መንገድ ላይ ይናጣል ብዬ፣ ከሰፈራችን ትኩስ የታለበ ጠዋትና ማታ እወስድላቸዋለሁ። ጋሽ ብዙነህም በበኩላቸው ላም አለቻቸው፤ የጾም ጊዜ ሲሆን «እኔ አልጠጣው፣ ምን ላድርገው» እያሉ የሳቸውን ድርሻ በአጥር ያቀብላሉ። ያ ዓመት ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ጾሙ ብዙ ነበር።

ከወተቱ ሌላ መድኃኒቱ አለ። አቦ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። ያኔ ያከማቸው ሐኪም የአጥንት ክኒን ለአንድ ወር አዘዘላቸው። ለአንድ ወር ብሎ ጽፎታል፤ አንብቤዋለሁ። እኔ ሙሉካ ግን ከሐኪም በላይ አዋቂ አይደለሁ? «ለአጥንት የሚሆን ነገር ምን ይጎዳል» ብዬ ወር በወር እገዛ ነበር፤ መርሳት ሲጀምሩማ ለጭንቅላትም ይሆናል ብዬ በቀን ሁለት አደረግኩት። ጂዳ ያለችው የመጨረሻዋ እህታችን ሰቢሪና ደግሞ ከዑምራ በሚመለሱ ሰዎች እጅ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ላከች። አንዱን አቦ ትራስ ሥር አኖሩት፣ ሌላውን ዙሀይራ ዲንሾ ወስዳ፣ በመጣች ቁጥር በእጇ ታጎርሳቸዋለች። ጋሽ ብዙነህም ለጨጓራቸው የሚያኝኳትን ነጭ ክኒን ከኪሳቸው አውጥተው «ደረቴን አቃጠለኝ» ባሏቸው ቁጥር ይሰጧቸዋል። አንዳችን የሌላችንን አናውቅም። አቦ ይሉኝታቸው አይፈቅድላቸውም እንጂ እሳቸው ሊነግሩን ይችሉ ነበር። በኋላ ደግሞ ይሉኝታውም ጠፋ፤ መርሳቱ ብቻ ቀረ።

«ሙሉካ፣ ወተቴን ጠጥቻለሁ?» ይሉኛል።

«ጠጥተዋል፣ አቦ።»

«የለም፣ ወላሂ አልጠጣሁም።» ሲምሉብኝ ደንግጬ ደግሜ እቀዳለሁ። ሲረሱ እንሰጣቸዋለን፤ ስንሰጣቸው ይረሳሉ።

ሰኔ ሲገባ ባሰባቸው። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሁለት ጊዜ ይሰግዳሉ። እኔን በሟች እናቴ ስም ሰይዳ ይሉኛል። ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዱ ጠፍቷቸው ሰው ይዟቸው መጣ። ውኃ ይጠማቸዋል፣ ሽንት ያመላልሳቸዋል፣ ምግብ አስጠላቸው። ስኳር ይሆናል ብዬ አስመረመርኩ፤ ስኳር የለባቸውም። እኔ ጠዋት ሱቅ፣ ከሰዓት እሳቸው ጋ፤ ከሳሁ፣ ጠቆርኩ፣ ቁጣዬም ሰለቸኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቦ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሰቢሪና ከጂዳ ደወለች። እንዴት ናቸው ስትለኝ ዛሬም እህል እንዳልቀመሱ፣ እንደ ከሳሁ፣ እንደ ደከመኝ ነገርኳት፤ ከዚያ አላስቻለኝም። ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው፤ የሚሰሙም፣ ቢሰሙ የሚይዙም አልመሰለኝም። «አቦማ ከሄዱ ቆይተዋል» አልኳት። «እኛ የምናስታምመው ጋቢያቸውን ነው።»  ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አቦ ግድግዳውን ማየታቸውን ቀጠሉ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ሲያስመልሳቸው ቆየና አቅላቸውን እንደ መሳት አሉ። ጋሽ ብዙነህ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው መጡ፣ ዝናብ እየዘነበ ጎባ ሆስፒታል አደረስናቸው።

የተቀበለን ሐኪም ዶክተር ፍቅረየሱስ ይባላል። ቀጭን፣ ጺሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። ሳየው ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ ግን አልቸኮለም። መርምሮ፣ ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ውኃ ነው ብሎ ደም ሥራቸው ላይ ሰክቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምን ምን ይወስዳሉ?» አለኝ።

«ምንም! ወተት ነው የሚጠጡት፤ ወተት በሽታ ነው እንዴ?»

«እሺ፣ እናቴ» አለ፤ ታላቅ እህቱ እንጂ እናቱ የማልሆነውን ሴት። «ነገ ሲመጡ ግን በአባትዎ አፍ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ክኒንም ይሁን ሌላ፣ ማንም ይስጣቸው ማን፣ በአንድ ዘንቢል ሰብስባችሁ አምጡልኝ። ሁላችሁም ኑ።»

ተናደድኩ። አባቴ እየሞቱ እሱ ዘንቢል ይለኛል። ግን ወሰድኩ።

በማግስቱ ዶክተሩ ዘንቢሉን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረገፈው። የእኔ ክኒን ወጣ። ከትራስ ሥር ያገኘሁት የሰቢሪና ጠርሙስ ወጣ። ዙሀይራ ከቦርሳዋ ሁለተኛውን ጠርሙስ አወጣች። «አንቺም?» አልኳት። «አንቺም?» አለችኝ። ጋሽ ብዙነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከኮታቸው ኪስ የጨጓራውን ክኒን ፓኮ አውጥተው ከጎኑ አስቀመጡት። «ይቺም ትቆጠራለች እንዴ?» አሉ።

«በጣም ትቆጠራለች» አለ ዶክተሩ። የሁሉንም ጽሑፍ እያሳየ አነበበልን። ሁሉም ላይ ያው ስም አለ፤ ካልሲየም። ሁለቱ ላይ ደግሞ ካልሲየሙን ከአንጀት ወደ ደም የሚስበው ቫይታሚን ዲ አለ። «አሁን ወተቱን ንገሩኝ» አለ። እኔ ተናገርኩ፣ ዙሀይራ ተናገረች፣ ጋሽ ብዙነህ ተናገሩ። ሲደመር በቀን ከአምስት ሊትር በላይ ሆነ። 

የደማቸው ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ፈጀ። ዶክተሩ ግን ሳይጠብቅ ሁሉንም አስቆመ፤ ወተቱንም ክኒኑንም። የጨው ውኃው ቀንና ሌሊት ይወርዳል። ውጤቱ ሲመጣ እሱ እንዳለው ሆነ። ካልሲየሙ ከሚገባው በላይ ወጥቷል፤ ኩላሊታቸውም ተጎድቶ መልሶ እያገገመ ነው።

በስድስተኛው ቀን አቦ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና «ሙሉካ» አሉኝ። ሰይዳ አላሉኝም። «ምን ሆኜ ነው?»

 ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አባባ፣ ካልሲየም የአጥንት ብቻ አይደለም» አላቸው። «አንጎልም ይሠራበታል። ሰው ነገር ሲይዝ፣ ሲያስታውስ፣ አንጎሉ ውስጥ ጥቃቅን በሮች ይከፈታሉ፤ በጣም ትንሽ ካልሲየም ይገባል፣ መልእክቱን ያደርሳል፣ ወዲያው ተጠርጎ ይወጣል። ሰው ሲያረጅ መጥረጊያው ይደክማል። እርስዎ ላይ ደግሞ ደሙ ራሱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ አንጎልዎ ደነዘዘ። ይኸው ነው።»

አቦ ጣሪያውን እያዩ ሰሙት። 

«ሆራ ነዋ» አሉ።

ዶክተሩ አልገባውም። ጋሽ ብዙነህ ናቸው የገለጹለት፦ የኛ ከብት በየጊዜው ጨዋማውን የምንጭ ውኃ እንዲጠጣ ሆራ ይወርዳል፤ ያለዚያ ይከሳል፣ ጸጉሩ ይደርቃል።

«ሆራ ያልወረደ ከብት ይከሳል» አሉ አቦ። «ሆራ ላይ ያደረ ከብት ግን ይታመማል። እረኛ ሥራው መውሰድ ብቻ አይደለም፤ መመለስም ነው።» ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ እኔን ሆራ ላይ አሳደራችሁኝ።»

ዶክተሩ ሳቀ። ይቺን ለሌሎች በሽተኞችም እነግራታለሁ አለ። ጋሽ ብዙነህ «አንተ ሰውዬ፣ ከብት ነኝ ብለህ በራስህ አፍ መሰከርክ» አሏቸው። አቦ «እረኛዬ አንተ ስለነበርክ ነው» ብለው መለሱ። ሠላሳ ዓመት የሰለቸኝ ንትርክ ያን ቀን ሲጀመር እንባዬ ወረደ። ከመውጣታችን በፊት ያን ልጅ እጁን ይዤ መረቅሁት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። በልቤ የሰደብኩትን ግን አልነገርኩትም።

ሲሰናበተን አንድ ነገር ብሎን ነበር። «ካልሲየሙ የወሰደው ይመለሳል፤ ዕድሜ የወሰደው ካለ ግን እሱን እኔ አልመልሰውም። የቱ የማን እንደሆነ ጊዜ ይነግረናል።» ይህ ቃል አብሮኝ ቤት ገባ።

አቦ ረመዳንን እያገገሙ አሳለፉት፤ እንዳይጾሙ ተከለከሉ፣ የረመዳኑን የሌሊት ሶላት፣ ተራዊሕን፣ ግን ተቀምጠው ሰገዱ። መንገድ አይጠፋቸውም፣ ስም አይሳሳቱም። በትሩ ግን ከሚስማሩ አልወረደም። የሚጠራቸው አልጠፋም፤ እሳቸው ናቸው «ቆዩ» የሚሉት። ራሳቸውን አላመኑም ነበር።

እኛ ደግሞ ተኳረፍን። እኔ ዙሀይራን «በጄሪካን አሰጠምሻቸው» አልኳት። እሷ «ለአንድ ወር የሚለውን አንብበሽ ዓመት የሰጠሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። እውነቷን ስለነበር የበለጠ ተቆጣሁ። ሰቢሪና መደወል ተወች። ጋሽ ብዙነህ በሐፍረት በአጥር ብቅ ማለት አቆሙ፤ አቦ ጠዋት ጠዋት ወደ አጥሩ አይተው ይመለሳሉ።

መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አቁሞ ገብሱ መብሰል ሲጀምር፣ አንድ ቀን ሱቅ ሳለሁ መልእክት ደረሰኝ፤ አቦ ይፈልጉሻል። ስገባ ዙሀይራ አለች፣ ጋሽ ብዙነህ አሉ። የእኔ ስልክ ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ ሰቢሪና ከጂዳ በመስመር ላይ ሆና፣ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። አቦ ተነሡና ከበሩ ጀርባ በትራቸውን አወረዱ። በጋቢያቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት። ከፊታችን መሬት ላይ አጋደሙት።

«ቤቴ ውስጥ ጠብ አለ» አሉ። «ተናገሩ።»

ተናገርን። ስንናገር ደግሞ ጨዋ አልነበርንም። ዙሀይራ አለቀሰች፣ እኔ ጮህኩ፣ ሰቢሪና ከባሕር ማዶ ሆና ሁለታችንንም ወቀሰች፣ ጋሽ ብዙነህ «እኔ ባልገባ ይሻል ነበር» ብለው ሊነሡ ሲሉ አቦ በዓይናቸው መለሷቸው። አንድ ሰዓት ፈጀ። ጨረስን። አቦ በትሩን ትንሽ ገፋ አድርገው አስተካከሉት። የማይችሉት መስሎኝ «አቦ፣ ይተዉት» ልል አፌን ከፈትኩ።

ጀመሩ። ዙሀይራ እንዲህ አለች፤ ሙሉካ እንዲህ መለሰች፤ ብዙነህ እንዲህ አለ። አንዳች አላፋለሱም። ከዚያ የዛሬውን ጨርሰው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ወደ በሽታቸው ወራት። ማንም ይይዛሉ ያላላቸውን ጊዜ ከፈቱት። ዙሀይራ በግንቦት ስትመጣ «ይጠጡ፣ አቦ፣ የቀይዋ ላም ናት» ያለችውን። ጋሽ ብዙነህ በአጥር ላይ «አንተ ካልዳንክ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» ያሉትን። እኔ ራሴ የረሳሁትን ተናገሩት፤ እግራቸውን ሳጥብ ያንጎራጎርኩትን። ዘለውት ያለፉት ቀን ይኖራል፤ ያልያዙትን «ይቺን አልሰማኋትም» እያሉ አለፉ። የያዙት ግን ተቆጥሮ አያልቅም ነበር።

«በሰኔ ሰቢሪና ደወለች» አሉ።  «ሙሉካ ‹ዛሬም እህል አልቀመሱም› አለች። ‹ከሳሁ፣ ደከመኝ› አለች። ከዚያ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።» ቀና አሉ። «የጎደለ አለ?»

ዙሀይራ ራሷን ነቀነቀች። ጋሽ ብዙነህ «የለም» አሉ። ያን ቀን የሰማችው ሰቢሪናም አላጋለጠችኝም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ መሐል ላይ አንዲት ቃል ጎድላለች። ባትገኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ካልተገኘች ያ ቀን ጠፍቷል ማለት ነው፣ ዕድሜ የወሰደው እሱ ነው ማለት ነው። አቦ እኔን እኔን አዩኝ። በአርባ ዓመት ውስጥ «ጎድሏል» የሚላቸው የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሆን ነው።

«አለ» አልኩ።  «አለ፣ አቦ። ጎድሏል።»

ከተቀመጡበት ጠጋ አሉ። አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው፣ ሌላው እንዳይሰማ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ ነገሩኝ። «‹አቦማ ከሄዱ ቆይተዋል። እኛ የምናስታምመው ጋቢያቸውን ነው።›»

ማልቀስ ጀመርኩ። ትከሻዬን ያዙ።

«አልረሳኋትም፤ ጣልኳት እንጂ» አሉ እንደዚያው ቀስ ብለው። «የሰው ቃል የእኔ ስላልሆነ አንድም ጥዬ አላውቅም። ይቺ ግን የእኔ ናት፤ መጣል እችላለሁ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እኔ ላይ ደረቡት። «ገለቶሚ፣ ኢንታላ ኮ፤ አመሰግናለሁ፣ ልጄ። ጋቢውን ስላስታመምሽልኝ። ስመለስ ሞቆ ጠበቀኝ።»